ይድረስ ለወንድምዓለም

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደሴም ጦሳን ተንተርሳ አለች።

እናትህ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ አልደረስኩም። ዛሬ እደውላለሁ ነገ እደውላለሁ እያልኩ ሰነበትኩ፤ ሲቆይ ደግሞ አፈርኩ፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሞላው። አፉ በለኝ።

አሁን እንድጽፍልህ ያነሳሳኝ መንገድ ነው። ባለፈው ወር የኤሌክትሪክ መኪና ይዤ ከአዲስ አበባ ደሴ ገባሁ፤ 400 ኪሎ ሜትር ግድም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ሸገር ውስጥ እንዲህ ያለው መኪና ሞልቷል፤ ወደ ወሎ ይዞት ለመውጣት የሚደፍር ግን ጥቂት ነው።

ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ሌሊት ተነሳሁ። ጣርማ በር ስደርስ ብርዱም ዳገቱም በልተውት 47 በመቶ ቀረኝ። ፈራሁ። ዋሻውን አልፌ ቁልቁለቱን ስይዝ ግን እግሬን አነሳሁ፤ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልስ ጀመር። በጭነት መኪና ስንወርድ አፍንጫችንን የሚይዘን የፍሬን ሽታ ትዝ ይልሃል? ያኔ በየመታጠፊያው ተቃጥሎ የሚቀረው ኃይል ነው አሁን የሚጠራቀመው። ሸዋ ሮቢት ስገባ 51 ይላል! ብቻዬን ጮህኩ።

ከሚሴ ዘመድ ቤት ሶኬት ላይ ሰክቼ አራት ሰዓት ተቀመጥኩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ የጨመረው 13 በመቶ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ በ24 ደረስኩ። ሐረጎ ዳገት ላይ ቁጥሩ በየጥምዝምዙ ሲወርድ እያየሁ፣ ሬዲዮውንም ማሞቂያውንም አጥፍቼ፣ ደሴ በ12 ገባሁ።

እንዲህ ኃይል እየቆጠቡ በመንዳት የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ። ሃንስ ቶልስትሩፕ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ በፀሐይ ብቻ በምትሄድ መኪና ከፐርዝ ተነስቶ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል አውስትራሊያን አቋርጦ በ20 ቀን ሲድኒ ገባ። በ1987 ውድድር አደረገው፤ ከዳርዊን አደላይድ፣ 3,000 ኪሎ ሜትር። የመጀመሪያው አሸናፊ በአማካይ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ነው የሄደው፤ የኛ ሚኒባስ እንኳ ይቀድመዋል! እኔን የማረከኝ ደንቡ ነው፦ ጠዋት በ2 ሰዓት ይነሳሉ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን የደረሱበት በረሃ ላይ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። እንደ ሲራራ ነጋዴ።

እንዲህ ያለው ውድድር ለእኛ መንገድ የተሠራ ነው። ሦስት ሺህ ሜትር ወጥቶ ቆላ የሚወርድ፣ እንደገና ደጋ የሚወጣ፤ ማን ቀደመ ሳይሆን ማን ቻርጅ ተርፎት ገባ ተብሎ የሚለካ ጉዞ ቢደረግ፣ ዳገቱን የሚያውቅ ሾፌር ይከበርበት ነበር። ቻርጅ ማድረጊያ የት እንደጎደለም ከወረቀት ይልቅ መንገዱ ይናገራል። አጥብቄ አምንበታለሁ።

አንተም ቁልቁለት አያያዝህን አውቃለሁ። በጥቅምት፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ አብረን እንውጣ። እስከ ጣርማ በር እኔ እነዳለሁ፣ ከዚያ አንተ። ደሴ ስንገባ ከሁሉ በፊት እናትህ መቃብር ወስደህ አሳየኝ፤ ዱዓዬን ላድርስ።

የከሚሴዎቹን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሶኬቱም ቡናውም አለ ብለዋል። ስልኬ የድሮው ነው።

ወንድምህ፣ ከደሴ