ለመቀሌው ወዳጄ፣ ከአምስት ዓመት ዝምታ በኋላ

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ እንደምን አሉ? እናትህ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ «እንዴት ናቸው?» ብዬ መጻፌ እጅግ ያሳፍረኛል። ኮተቤ ሳለን ለቤተሰብ በላክነው ደብዳቤ ሁሉ «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» እንል ነበር፤ ዛሬ ያችን ሐረግ ለመጻፍ ድፍረት አጣሁ።

ዝምታውን የጀመርነው እኛ አይደለንም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ስልኩ ተቋረጠ፤ ባንኩም መብራቱም ተከተሉት። ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ታኅሣሥ ላይ አውሮፕላን መቀሌ ሲያርፍና ተለያይቶ የከረመ ቤተሰብ ተቃቅፎ ሲያለቅስ በቴሌቪዥን አየሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታ ግን የማንም ሳይሆን የእኔ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴ ከአንድ ወር በላይ ተይዛ በቆየችበት ጊዜ ያየሁትን አየሁ፤ ከዚያ በኋላ አንተን፣ ከአንድ ሳህን አብሮኝ የበላውን ሰው፣ «ከዚያ ወገን» አድርጌ ቆጠርሁህ። በእነዚያው ወራት አንተ ለልጆችህ ምን ታበላ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም።

የአንተ ሁለት ዓመት የገባኝ በራሳችን ሲደርስ ነው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ መንገድ በየጊዜው ይዘጋ ጀመር፣ በየገጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ስለ ኑሮው ብዙ አልልህም፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ።

ታዲያ ዛሬ ለምን ጻፍሁልህ? አንድ ነገር ስላየሁ ነው። በሰፈራችን ከዓድዋ መጥተው አርባ ዓመት የኖሩ አንድ አባት ነበሩ። ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ሰው ይገኝ ይሆን ብለን ሠጋን፤ በዚያ ሰሞን የሰው ልብ እንዴት እንደነበረ ታስታውሳለህ። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ልጃቸውን በዚያው ጦርነት ያጡ ሰው ናቸው። ማልደው መጡና ማንንም ሳይጠብቁ የድንኳኑን ካስማ መትከል ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ የቀረ ጎረቤት አልነበረም። ንግግር አላደረጉም፣ ስለ ይቅርታም አላወሩም፤ መዶሻው ሲመታ ብቻ ይሰማ ነበር። ስለ አገራዊ ምክክርና ስለ ሽግግር ፍትሕ በየጊዜው እሰማለሁ፣ ቢሳካም ደስታዬ ነው፤ ይሁን እንጂ ተስፋ ሲሉኝ የሚመጣብኝ የእኚያ ሰው እጅ ነው።

ሌላው ከሙያችን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሱ። ከመቶ ዘጠኝ እንኳ ያልሞላ ቁጥር ይዤ ስደሰት ሂሳብ አስተማሪ መሆኔን ትጠራጠር ይሆናል። ዓመታት ከክፍል ርቀው የከረሙ የእናንተ ልጆችም ተመልሰው ለፈተና መቀመጣቸውን ሳስብ ግን ቁጥሩ አያንስብኝም።

ያልተፈታው ብዙ ነው፣ ልደብቅህ አልሻም። በከተማህ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ዛሬም ተፈናቃዮች አሉ፤ እዚህም ሐይቅ አካባቢ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች አሉ። አንተ ምዕራብ ትግራይ የምትለውን እኔ ወልቃይት እላለሁ፤ በስሙ እንኳ አንስማማም፣ ምናልባትም እስከ ዕድሜያችን ማብቂያ አንስማማም። የጦርነት ወሬም እንደገና ይናፈሳል። ወሬው ሳይብስ፣ መስመሩም ሳይቋረጥ ልጻፍልህ ብዬ ነው የቸኮልሁት።

ደብዳቤውን በመንገደኛ እልክልሃለሁ። ስልክ ለምን አልደወልህም ብትለኝ፣ ደውዬ ነበር። ጥር 2015 ዓ.ም. አንድ ማታ መስመሩ ገባ፣ ሦስት ጊዜ ጠራ፣ ከማንሳትህ በፊት ዘጋሁት። በዚያ ሰሞን ከማታውቀው ቁጥር አንድ ሚስኮል አይተህ ከነበረ፣ እኔ ነበርሁ።

ወንድምህ