ጥርሱ የሚከብረው ዓሣው ከሞተ በኋላ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ጥልቅ ባሕር ጭቃና ስለ ብርቅዬ የመሬት ማዕድናት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በጉጉት፣ ቀጥሎ በንዴት። ዓሦች በሕይወት ሳሉ ማዕድኑን ከውሃው እየለቀሙ በአጥንታቸው ያከማቻሉ፣ ሲሞቱም ይዘውት ይወርዳሉ ትላላችሁ። ስህተት ነው። የእህቴ ልጅ ግን «ጋዜጣው ላይ ወጥቷል» ብሎ ሲከራከረኝ አመሸ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ነገር!

ሥራዬ ከዚያ ጭቃ ውስጥ የዓሣ ጥርስ መልቀም ነው። ጭቃው በወንፊት ይታጠባል፤ የቀረውን ማይክሮስኮፕ ሥር አደርጋለሁ። ጥርሱ የመርፌ ጫፍ ታክላለች፤ ማር የመሰለች፣ ብርሃን የምታሳልፍ ሾጣጣ ነገር ናት። በረጠበ ቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ አነሳቸዋለሁ። ዓይኔም አንገቴም ያለቀው በዚህ ነው። ዘገባችሁ መርከቡን አመሰገነ፣ መሣሪያውን አመሰገነ። ለቃሚዎቹን የሚያነሳ አንድ ቃል የለውም። ከእኛ አንዱን ብትጠይቁ ኖሮ ይህ ስህተት ባልወጣ ነበር።

በሕይወት ባለ ዓሣ ጥርስ ውስጥ ያለው ኒዮዲሚየም፣ ከብርቅዬዎቹ ማዕድናት አንዱ፣ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገሩ የሚጀምረው ሥጋው በስብሶ ጥርሱ ጭቃው ላይ ሲቀር ነው። ወንዝና ነፋስ ከየብስ ያመጧቸው ብርቅዬ ማዕድናት የብረትና የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ቅንጣቶች ላይ ተለጥፈው ይወርዳሉ። ታች ሲደርሱ ብዙዎቹ ይለቀቁና በደለሉ መካከል ወዳለው ውሃ ይገባሉ። የጥርሱ ካልሲየም ፎስፌት ከዚያ ውሃ ይስባቸዋል፤ በካልሲየሙ ቦታም ያስገባቸዋል። ከእነዚሁ ማዕድናት ሴሪየም የሚባለው ብቻ ማንጋኒዙን አልለቅ ይላል። ጥርሱ ውስጥ ከጎረቤቶቹ አንሶ የሚገኘው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ምን ለውጥ ያመጣል?» እንዳትሉኝ። እናንተ እንዳላችሁት ቢሆን ዓሣ የሚርመሰመስበት የባሕር ዳርቻ ሁሉ ማዕድን በሞላው ነበር። አልሞላም። እዚያ ደለሉ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፤ ጥርሶቹን ይቀብራል፣ በጭቃው ብዛት መካከልም ያሳሳቸዋል። ሀብታሙ ጭቃ ያለው በሺህ ዓመት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ በማይጠራቀምበት ሩቅና ጥልቅ ባሕር ነው። በጃፓን ሚናሚቶሪሺማ ደሴት አቅራቢያ ከ5,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ጭቃ፣ ኢትሪየም የሚባለውን ብረት ጨምሮ፣ በሚሊዮን ከ5,000 እጅ በላይ ብርቅዬ ማዕድን ተገኝቶበታል። ያንን ያጠራቀመው ጊዜ ነው፤ የሚሊዮን ዓመታት ጊዜ። አንዴ ከተዛቀ ዓሣ ስለተራባ አይተካም። የእናንተ አንባቢ ግን ይተካል ብሎ ሊያስብ ይችላል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ከዚህ በፊትም ስለ ሌላ ዘገባ ጽፌላችሁ ነበር። «ለአንባቢ ይከብዳል» አላችሁኝ። የሞተ ዓሣ ጥርስ ማዕድን ይስባል ማለት ምኑ ይከብዳል? አሁንም ማረሚያ አውጡ። ስሜ እንዲጠቀስ አልፈልግም። ጥርስ ለቃሚዎቹ ይጠቀሱ።