ግቢያችሁን ለምን በአንዴ ሙልጭ አድርገን እንደማንመነጥር

ለውድ ደንበኞቻችን
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ዱር የዋጠውን ግቢ የምናስተካክልበትን ቅደም ተከተል ስለማሳወቅ

መስቀል ካለፈ ወዲህ ስልካችን ሥራ በዝቶበታል። ከአብዛኞቻችሁ የምንሰማው አንድ ነው፦ «ግቢው ጫካ ሆኗል፤ ሰው ይዛችሁ ኑና በአንድ ቀን ሙልጭ አድርጉልኝ።» እውነቱን ለመናገር ለእኛም የሚቀለን እሱ ነው፤ ገጀራ፣ የቀን ሠራተኛና አንድ አይሱዙ ይበቃል። ግን አንሠራውም።

የባሕር ዳር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንብና ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም በጋ ነው። ዛሬ ባዶ የቀረ አፈር ጥር ላይ ይሰነጠቃል። ለዓመታት በጥላ የኖረ ግንድም ድንገት ለከሰዓት ፀሐይ ሲጋለጥ ልጡ ይቃጠላል፤ በስንጥቁ ነቀዝ ይገባል። የገለጥነውን ግንድ ኖራ በጥብጠን የምንቀባው ለዚህ ነው። (ለጌጥ የመሰላቸው ደንበኞች ቀለሙን እንድንቀይር ጠይቀውናል።)

ስለዚህ አሁን በዋናነት የምንሠራው አረሙን ነው፤ ትልቁም ሥራ እሱ ነው። ቅንጨ አረም ሳያብብ መነቀል አለበት። አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ቆዳም ስለሚያሳክክ ያለ ጓንት አትንኩት። ሰርዶን በዶማ መቆራረጥ ማባዛት ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደገና ይበቅላል። አፈሩ እርጥብ እያለ ሥሩን ተከትለን እየሳብን እናወጣና ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን። የወፍ ቆሎ ካላችሁ ደግሞ ቅጠሉን ለጎረቤት በግ እንዳትሰጡ፤ ይመርዛል። የቀረውን ሣርና ቅጠል አናቃጥልም፣ አውጥተንም አንጥልም፤ ዛፎቹ ሥር እንጎዘጉዘዋለን፤ እርጥበት ይይዛል።

ማንጎውን አሁን ከደረቀው ቅርንጫፍ በቀር አንነካውም። በበጋ የሚያብበው በቅርንጫፉ ጫፍ ስለሆነ አሁን መከርከም የዘንድሮውን ፍሬ መቁረጥ ነው፤ ተለቅሞ ሲያልቅ እንመለስበታለን። ያረጀ ቡናም ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ይጎነደላል፦ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ተቆርጦ። ከሚያቆጠቁጡት ሁለት ወይም ሦስት ጤነኞቹን ትተን ሌላውን እንቀነጥባለን። ዳግም እስኪያፈራ ሁለት ሦስት ዓመት ስለሚወስድ ሁሉንም እግር በአንድ ዓመት አንጎነድልም፤ ቤታችሁ ያለ ቡና አይቅር። ቡገንቪሊያ ግን ቻይ ነው፤ አጥር ጥሶ ከወጣ አሁኑኑ አሳጥረን እንቆርጠዋለን።

ክፍያውም ሥራውን ተከትሎ ለሁለት ተከፍሏል፦ የአረሙ ሥራ ሲያልቅ አንዱ፣ ጉንደላውና ክርከማው ሲጠናቀቅ ሌላው። ሁለተኛውን ዙር ካልፈለጋችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ትከፍላላችሁ።

ከመምጣታችን በፊት የውሃው ቧንቧና የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክዳን የት እንዳሉ ንገሩን፤ ሣር ውስጥ አይታዩም። ውሻም ካለ ይታሰር። ውጭ አገር ሆናችሁ ቤታችሁን በዘመድ የምታስጠብቁ፣ የትኛው ዛፍ እንዲቀር እንደምትፈልጉ በቴሌግራም ፎቶው ላይ ምልክት አድርጋችሁ ላኩልን። ጠባቂው «ይቆረጥ» ስላለን ብቻ ዛፍ አንቆርጥም።

ከሰላምታ ጋር
የግቢ አትክልት እንክብካቤ ክፍል