ቲዩብ ወይስ ትራንዚስተር? ስለ ቤት አምፕሊፋየር ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ጤና ይስጥልን። ደብረ ብርሃን ወዳለው ሱቃችን ስትመጡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን አንድ ነገር አለ፦ «ለቤት የሚሻለው የቲዩብ አምፕሊፋየር ነው የትራንዚስተር?» ቆመን የምንጨርሰው ወሬ ስላልሆነ ጻፍንላችሁ። አምፕሊፋየር ድምፁን አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጥ መሣሪያ ነው፤ የማጉላቱን ሥራ በአንዱ ዓይነት ቲዩብ የተባለ አምፖል መሳይ የመስታወት ቱቦ፣ በሌላው ደግሞ ትራንዚስተር የተባለ ትንሽ ጠጣር ዕቃ ይሠራዋል።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ለአብዛኛው ቤት ትራንዚስተር እንመክራለን። ቲዩብ የምንሸጠው መጀመሪያ ስፒከራችሁን አይተን ነው።

ምክንያቱም ስፒከሮች እኩል አይጮኹም። ከስፒከሩ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ በዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር አለ። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት የሚያወጣውን ድምፅ ይነግራችኋል። ባለ 95 ዲቢ ስፒከር በ8 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ባለ 86ቱ ለማውጣት 64 ዋት ይፈልጋል። 300ቢ የተባለው ዝነኛ ቲዩብ ደግሞ ብቻውን ሲሠራ የሚሰጠው 8 ዋት ገደማ ነው። እንግዲህ አስቡት። ውዱን ቲዩብ ገዝታችሁ ከትንሽ የመደርደሪያ ስፒከር ጋር ብታገናኙት፣ ገና ድምፁን ከፍ ስታደርጉት ይታፈናል። ብር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ቲዩብን የሚወዱ ሰዎች ግን ዝም ብለው አይደለም የሚወዱት። ቲዩብ ድምፁን ሲያጎላ ከዋናው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ፣ ማለትም ያንኑ ኖታ በቀጭኑ የሚደግም፣ ሌላ ድምፅ በጥቂቱ ይጨምርበታል። ጆሯችን ይህን እንደ ብልሽት አይቆጥረውም፤ ሙላት ይሰማዋል። ክራርና የሰው ድምፅ በጣም ያምርበታል። ትራንዚስተር የተቀዳውን እንዳለ ያወጣል፤ ቤዙንም (ወፍራሙን ድምፅ) ጨበጥ አድርጎ ይይዛል። በገናን እንውሰድ። ያ ልብ የሚነካ ንዝረት የሚመጣው በአውታሩና በብርኩማው መሐል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። ለእኛ ጆሮ በጥሩ ትራንዚስተር ጥርት ብሎ ይወጣል፤ አቅም በሌለው ቲዩብ ግን ይደበዝዛል። በጾም ወቅት በገና የምታዳምጡ ይህን ልብ በሉልን።

የመብራቱም ነገር አለ። 220 ቮልት ይባል እንጂ ከፍ ዝቅ ይላል። የብዙ ቲዩቦች ፊላመንት (ውስጣቸው የሚግለው ሽቦ) የተሠራው ለ6.3 ቮልት ነው፤ መብራቱ ሲጨምር ወደ ፊላመንቱ የሚሄደው ቮልትም አብሮ ይጨምርና ዕድሜው ያጥራል። ኃይል የሚያወጡት ቲዩቦች በደህና ጊዜም ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 5,000 ሰዓት ነው የሚያገለግሉት። በቀን 3 ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው 2,000 ሰዓት 2 ዓመት አይሞላም። መለወጫው ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቲዩብ የምትገዙ ስታብላይዘርና መለዋወጫ ቲዩብ አብራችሁ ያዙ።

ሙቀትን በተመለከተ፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ብርድ ቢሆንም ስስ ነው፤ ስስ አየር ሙቀትን ቶሎ አይወስድም። ቲዩብም ሆነ ትራንዚስተር፣ እባካችሁ ዳንቴል አታልብሱት!

ሁለት ማስጠንቀቂያም አለን። ቲዩብ አምፕሊፋየር ስፒከር ሳይገናኝ ከተሠራበት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ውስጡም ከ300 ቮልት በላይ ይኖራል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያከማቸው ዕቃ) ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ።

ለመግዛት ስታስቡ ስፒከራችሁንና የምትወዱትን ሙዚቃ ይዛችሁ ኑ። ሁለቱንም አምፕሊፋየር እያፈራረቅን እናሰማችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድምፅ መሣሪያ ሽያጭና ጥገና ቤታችሁ
ደብረ ብርሃን