ዕዳሽ ሌላ፣ ዕቃሽ ሌላ

ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ትናንት ማታ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እናትሽም ስትገላበጥ ነው የነጋው። እያለቀስሽ ስለነበር ያልኩሽ ሁሉ የገባሽ አልመሰለኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

የሁለት ወር ኪራይ አለብሽ፤ እሺ። አከራይሽ ግን ወጣ እስክትዪ ጠብቆ ጓጉንቸሩን ቀየረ። «ብሩን ሳታመጪ አንዲት ክር አታወጪም» አለሽ። የስፌት መኪናሽ፣ የደንበኞችሽ ጨርቅ፣ አልጋሽ፣ ሁሉም ውስጥ ቀረ። አንቺ ደግሞ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምን አፍ አለኝ» አልሽኝ። ከሁሉም አንጀቴን የበላኝ ይሄ ቃልሽ ነው።

ዕዳሽ ሌላ፣ ዕቃሽ ሌላ ነው። ገንዘቡን መጠየቅ መብቱ ነው፤ ካልከፈልሽው ከሶ ያስፈርድብሽ። ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ግን ዕቃሽን በራሱ ሥልጣን መያዣ ሊያደርገው አይችልም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 ሰው በእጁ ያለው ንብረት እንዳይያዝበት ይጠብቀዋል። ተፈርዶብሽ ቢሆን እንኳ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የዕለት ልብስን፣ መኝታን፣ የማብሰያ ዕቃንና የሙያ መሣሪያን ለዕዳ ከመያዝ ያድናል። የስፌት መኪናሽ እንጀራሽ ነው።

ይህን የምልሽ በኔም ስለደረሰ ነው። በ1986 ዓ.ም. ጉለሌ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ሥራ ፈትቼ የሦስት ወር ኪራይ ተጠራቀመብኝ። አንድ ማታ ስመለስ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በመስኮቱ ስንጥቅ ሳጮልቅ የቆርቆሮ ሳጥኔ ይታየኛል። አያትሽ የፈተለችልኝ ጋቢ ከላዩ ላይ እንደታጠፈ ነው። አፈርኩ። ጎረቤት ሳያየኝ ብዬ በጨለማ ሹልክ አልኩ፤ ዳግመኛም አልተመለስኩም። እናቴ ስትሞት ከእጇ ሥራ አንዲት ክር እንኳ አልቀረኝም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ነበረ። የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

በሩን እንዳትሰብሪ። ወንድምሽ «መጥቼ እገነጥለዋለሁ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ አስቁሚው። ቁልፉ የተሰበረ ዕለት ተከሳሾቹ እናንተ ትሆናላችሁ።

ዛሬውኑ በሩን ከነቁልፉ ፎቶ አንሺው። ከዚያ ውስጥ የቀረውን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፊ። የስፌት መኪናውን ዓይነት፣ የገዛሽበትን ዋጋ፣ እግሩ ላይ ያለችውን ጭረት ሳይቀር አስፍሪ። ይህን አጥብቄ የምልሽ በምክንያት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚንቀሳቀስ ዕቃን በእጁ የያዘ ሰው ባለቤቱ ነው ብሎ ይገምታል። ዛሬ በእጁ የያዘው አከራይሽ ነው። ስለዚህ ያንቺ መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝና ምስክር ያስፈልግሻል። ቁልፉ ሲቀየር ያየችውን ጎረቤትሽን «ትመሰክሪልኛለሽ ወይ» ብለሽ ጠይቂያት። ጨርቃቸው የተቆለፈባቸው ደንበኞችሽም አሉ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ አመልክቺ። «ይሄ የፍትሐ ብሔር እንጂ የወንጀል ጉዳይ አይደለም» ብለው ሊመልሱሽ ይችላሉ። ቢሆንም አቤቱታሽ እንዲመዘገብ ለምኚ። ዋናው መንገድሽ ግን ፍርድ ቤት ነው። ዕቃዬ ይመለስልኝ፣ ሁከቱም፣ ማለትም ይዞታዬን መንካቱ፣ ይወገድልኝ ብለሽ ትከሻለሽ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት ይዞታው የተነጠቀ ሰው እንዲመለስለት ይጠይቃል፤ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ ይጠይቃል። ሁከቱ ከተፈጠረ ሁለት ዓመት ካለፈ ግን ይህ ክስ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ አይሰማም ማለት ነው። ፍርድ እስኪሰጥ ዕቃው እንዳይሸጥና እንዳይወጣም እግድ ጠይቂ። ለዳኝነት መክፈያ ካነሰሽ በደሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሂጂና አማክሪያቸው።

ሽማግሌም ላኪ። ከእድሩ ሁለት ሰው ሄዶ ቢያናግረው ነገሩ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ከተስማማችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ ዕቃውም በዝርዝሩ እየተቆጠረ ይውጣ። «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ካለ ግን አትጠብቂው።

ኪራዩን በተመለከተ የቻልሽውን ክፈይ፤ ግን በእጁ ቆጥረሽ አትስጪው፣ በባንክ አስገቢለት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ክፍያ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ ነበረበት። አለመመዝገቡ ግን ዕቃሽን የሱ አያደርገውም።

የስፌት መኪናውን አብረን ስንገዛ ደረሰኙን ኪሴ ከትቼው ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ስፈልግ አድሬ ከቁም ሳጥኑ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል፤ ቀኑና ዋጋው ግን ይነበባል። ነገ ከደብረ ብርሃን በመጀመሪያው አውቶቡስ ይዤልሽ እመጣለሁ። እስከዚያ ዝርዝሩን ጨርሺው።

አባትሽ