ክሩ የወፈረበት ቦታ

የኔ ዓለም፣

እሁድ በስልክ «እማዬ፣ ምን እንደሆንኩ ራሱ አላውቅም፤ ብቻ እሮጣለሁ» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ወዲያው «ቆይ እደውላለሁ» ብለሽ ዘጋሽው። ያኔ ልነግርሽ የፈለግኩት ስለ ፈትል ነበር። በጥድፊያ የሚወራ ስላልሆነ ጻፍኩልሽ።

መፍተል ያስተማሩኝ አያትሽ ናቸው። ጥጡን ከፍሬው ለይተን፣ በደጋን ነድፈን፣ የተነደፈውን ባዘቶ ጠቅልለን አመልማሎ አድርገን እንቀመጣለን። ልጅ ስለነበርኩ የክሩ ልቃቂት ቶሎ እንዲሞላልኝ እቸኩላለሁ። ክሩ ይበጠሳል። እቀጥለዋለሁ፤ ደግሞ ይበጠሳል።

አንድ ቀን አያትሽ ልቃቂቴን አንስተው በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና «ማን አስቀየመሽ?» አሉኝ። «ማንም» አልኳቸው። የምሬን ነበር። እሳቸው ግን ክሩን እየፈቱ አሳዩኝ። አንዱ ጋ ቀጭንና እኩል ነው። ሌላው ጋ ወፈር ቀጠን፣ ወፈር ቀጠን ይላል። «ይሄን ስትፈትዪ ምን እያሰብሽ ነበር?» አሉኝ። ዝም ብዬ ሳስብ፣ ጠዋት ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ ጓደኛዬ የተናገረችኝ ነገር መጣልኝ። ለካ ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ነው የዋልኩት። እጄ ያወቀውን እኔ አላወቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ስፈትል ጣቶቼን አዳምጣለሁ። ጥጡ በጣቶችሽ መሃል እየሳሳ ሲወጣ ይሰማሻል። ሳብ ስታደርጊው ይቀጥናል፣ አብዝተሽ ከሳብሽው ይበጠሳል። ሐሳብሽ ገበያ ሲወርድ ወዲያው ታውቂዋለሽ። ያኔ እንዝርቱን አስቀምጬ ትንሽ እቆያለሁ። ምን ሆኜ ነው? እላለሁ። አንዳንዴ ርቦኝ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ሥራ አግኝተሽ የሄድሽ ሳምንት ለጎረቤቱ ሁሉ «ደስ ብሎኛል» እል ነበር። ደስም ብሎኛል። ክሩ ግን እምቢ አለኝ። አንዲት አመልማሎ እንኳ ሳትበጠስ መጨረስ አቃተኝ። ሬዲዮኑን ዘግቼ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ብዙ ከቆየሁ በኋላ እንባዬ መጣ። ፈርቼ ነበር ልጄ። ላንቺ ሳይሆን ለራሴ፣ ቤቱ ጭር ማለቱን ፈርቼ። ያን ቀን ባላውቀው ኖሮ በደወልሽ ቁጥር «ለምን ጠፋሽ» እያልኩ እቆጣሽ ነበር።

አንቺ ፍተዪ አልልሽም። ዛሬ በቁመት የሚዘረጋው ድር እንኳ የፋብሪካ ክር ሆኗል፤ እኔ የምፈትለው በመሃሉ የሚገባውን ማግ ነው። ግን ልጅ ሳለሽ ሽሮ ስታማስዪ ዝም ትዪ እንደነበር ትዝ ይልሻል? ብጠራሽ እንኳ አትሰሚኝም። ማታ ስትገቢ ስልኩን ሌላ ክፍል ተዪውና እንደዚያ አማስዪ። ቁጣም ይሁን ድካም የሚመጣውን አታባርሪው፤ እስኪንተከተክ ድረስ አብረሽው ቁሚ።

ጋቢሽ ሸማኔው ጋ ገብቷል። 4 እጥፍ ስለሆነ ማግ ይበላል፣ ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ስፈትል የምታገኚኝ። ከ21 ማርያም በቀር፤ ያን ቀን እንዝርት እንደማልነካ ታውቂያለሽ። ክረምት ሳይገባ ይደርስልሻል። ባለፈው ሸማኔው «እማማ፣ እዚህ ጋ ማጉ ወፍሯል፣ ላውጣው?» አለኝ። ተወው አልኩት። ጠርዙ አጠገብ በጣትሽ ብትዳስሺው ታገኚዋለሽ። የሄድሽበት ሳምንት ነው።

እናትሽ