ከደረቀው ሳህን

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ እንዲህ ብዬ ስጠይቅህ እፍረቱ ተሰምቶኛል። ምክንያት አልደረድርልህም። መጀመሪያ ዛሬ ነገ እያልሁ ነበር፤ ኋላ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝ። ዛሬ ብዕር ያስጨበጠኝ ዓይን የማያየው ፍጥረት ነው ብልህ ትስቅ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ማይክሮስኮፕ ገዛሁ። የተማሪ ዓይነት ነው፤ እስከ 400 እጥፍ ያጎላል። ለኩሬ ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ 40 እና 100 ይበቃል። ብዙ ባጎላህ ቁጥር የምታየው ቦታ ይጠባል፣ ብርሃኑ ይደበዝዛል፣ የምትከታተለውም ፍጥረት ሹልክ ብሎ ያመልጥሃል። ውሃውን ከኩሬው መካከል ሳይሆን ዳር ላይ፣ የበሰበሰ ቅጠልና አልጌ ካለበት ትቀዳለህ። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ፣ ከላዩ ስስ መስታወት፤ በቃ። የመጀመሪያው ምሽት ያየሁት የአየር አረፋ ብቻ ነበር። አረፋውን ትልቅ ግኝት መስሎኝ በእርሳስ ሥዬዋለሁ፤ ለማንም እንዳትነግር።

በማግስቱ ፓራሚሲየም መጣ። ባለ አንድ ሕዋስ ነው፤ ርዝመቱ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ፣ ቅርጹ እንደ ጫማ ሶል። አካሉን የሸፈኑት ጥቃቅን ፀጉሮች እየቀዘፉለት እየተሽከረከረ ይዋኛል፤ ሲጋጭ ወደ ኋላ ይልና በሌላ አቅጣጫ ይሞክራል። አንዱ በሁለት የአልጌ ክሮች መካከል ተቀርቅሮ ቆመልኝ። በውስጡ አንዲት ጥርት ያለች ክብ ቀስ እያለች ታብጣለች፣ ታብጣለች፣ ከዚያ በድንገት እልም ትላለች። ጥቂት ቆይታ እዚያው ብቅ። ውሃ ያለማቋረጥ ወደ ሰውነቱ ስለሚሰርግ የገባውን የምታስወጣለት ፓምፕ ናት፤ ባትኖር ፈንድቶ ይሞት ነበር። በየስንት ሴኮንዱ እንደምትጠፋ ስቆጥር እኩለ ሌሊት አለፈ።

ልነግርህ የፈለግሁት ግን ሮቲፈር ስለሚባሉት ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ነው። ራሳቸው ላይ ሁለት መንኮራኩር የሚዞር ይመስላል፤ የሚዞር ነገር ግን የለም፣ ፀጉሮቹ ተራ በተራ ሲመቱ ዓይን ይታለላል። መላ አካላቸው ከ1000 ገደማ ሕዋሳት የተሠራ ሆኖ ሳለ አፍም መንጋጋም ሆድም አላቸው። ሲያኝኩ በቆዳቸው በኩል ይታያል! እነሱ ያሉበትን ጎድጓዳ ሳህን መስኮት ላይ አስቀምጬ ረሳሁት። ሥራ በዛ፣ ታመምሁም፣ ብቻ ወራት አለፉ። ሳስታውሰው ታች የቀረው ቡናማ ቅርፊት ብቻ ነበር።

ልጥለው ስል በሆላንድ የዴልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ትዝ አለኝ። በ1702 እ.ኤ.አ. ከአሸንዳ የወሰደው ደረቅ ደለል ላይ ውሃ ቢያፈስበት ሮቲፈሮቹ ነፍስ ዘርተው መዋኘታቸውን ጽፏል። ግኝቶቹን ያሳወቀው በደብዳቤ ነበር፤ ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ ሃምሳ ዓመት ያህል ጽፏል። እኔ ላንተ አንድ ገጽ አቅቶኝ!

የዝናብ ውሃ አፈሰስሁበት። ግማሽ ሰዓት ምንም የለም። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል አንዲት የተኮማተረች ነጥብ ረዘመች፣ እንደ አልቅት ተጎተተች፣ እግሯን መስታወቱ ላይ ተከለች፤ መንኮራኩሯን ዘርግታም መብላት ጀመረች፣ ትናንት እራት በልታ እንደተኛች ሁሉ። ብዙዎቹ አልተነሡም። ከፓራሚሲየሞቹማ አንድም አልተመለሰም።

ወረቀት ያነሣሁት ከዚያው ወንበር ሳልነሣ ነው። አድራሻህ ካልተለወጠ ጻፍልኝ። እናትህስ እንዴት ናቸው? አሁንም ሌሊት ሌሊት ነው የምትሠራው? ቁጣም ቢሆን ጻፍ፣ እቀበላለሁ። አሁን ሳህኑ ላይ ውሃ ልጨምር፤ ጎድሏል።

ወዳጅህ